ሰርዶ ያልያዘበት ግቢ

ወረታ ውስጥ ላም ሳይኖራት ሣር የምታጭድ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ከአዲስ አበባ ተመድቤ ስመጣ የተከራየኋት ቤት ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ሜዳ አለች፤ ሜዳዋም ሰርዶ ለብሳለች። ሰርዶን የማያውቅ የለም። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ በየአንጓው ሥር የሚሰድ፣ ቆርጠው የጣሉት ቁራጭ እንኳ ጠብታ ውሃ ካገኘ ተነሥቶ የሚሄድ ሣር ነው። አዲስ አበባ በየሆቴሉ ግቢ ተከርክሞ «ሣሩን አይርገጡ» የሚባልለት እሱው ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ማጭዴን ይዤ ቁጢጥ እልና እከረክመዋለሁ። ያጨድኩትን እዚያው እበትነዋለሁ፣ በስብሶ መልሶ እንዲመግበው። የከረመ እበት በውሃ በጥብጬም አጠጣዋለሁ።

ጎረቤቶቼ ይህን ሁሉ በአጥር ቀዳዳ ያያሉ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ቀጥሎ አዘኑልኝ። ከሳቃቸው ይልቅ ሐዘናቸው አናደደኝ።

«ላምሽ የት አለች?» አለችኝ አንዷ።

«ላም የለኝም።»

«ዛዲያ ለማን ታጭጃለሽ?»

«ለሣሩ።»

«ላም አለኝ በሰማይ በይኛ!» አለችና ወሬውን ለሰፈሩ አዳረሰችው። በማግስቱ ሌላዋ ጊደር እየጎተተች መጣች። «ከንቱ ከምታጭጂ ይችን አስጠጊ፣ ስትወልድ ወተቷን እንካፈላለን» አለችኝ። አመስግኜ መለስኳት፤ ጊደሯ ግን ሣሬን አንዴ ቀምሳለችና አልሄድም ብላ በሁለት ሰው ተገፍታ ወጣች።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን በመንግሥት ሥራ የጨረሰ፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ክራቫት ሳያስር የማይወጣ ሰው ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ የቀረው ፍቅር የግቢያችን ሣር ነበር። የመድኃኒት መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ ከሣር ሌላ የበቀለውን ሁሉ ይፈጀዋል፤ ጉንዳኑም ቢራቢሮውም አብሮ ይሄዳል። «ሣር ማለት ሣር ብቻ ነው» ይላል። ቤታችን ለልማት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲገባ፣ ከሣሩ አንድ ትልቅ ጓል ከነአፈሩ ቆርጦ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። በረንዳው ላይ አስቀምጦ በመቀስ ይከረክመው ነበር። ሣሩ ዓመት ሳይሞላው ቢጫ ሆኖ ሞተ። ከዚያ ወዲያ አባቴ በረንዳው ላይ ከሳፋው ጋር ተፋጦ መዋል ጀመረ። በደወልኩ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አባቴን እዚያች በረንዳ ላይ እንደማጣው ታወቀኝና ፈራሁ።

«እኔ ጋ ና፣ አብረን እንኑር» እለዋለሁ።

«በልጄ ቤት የምጦር ሰው አይደለሁም» ይለኛል። ኩራቱ ከፎቁ ይበልጣል።

አንድ ቀን ግን በወሬ መሀል ስለ ሰርዶዬ አነሣሁበት። «ጥላ ያርፍበታል ወይስ ፀሐይ ያገኛል?» አለኝ፤ ድምፁ ወፈር ብሎ። ከዚያ በኋላ ራሱ ይደውል ጀመር። ስለ ሣሩ ጤንነት በዝርዝር ይጠይቃል፤ ስለ እኔ ጤንነት ጊዜ ከተረፈው። እኔም በልቤ ቆረጥኩ። ሣሩን አሳምሬ፣ አባቴን በሣር ጠልፌ ወረታ አስቀረዋለሁ።

ችግሩ አከራዬ ነበሩ፤ ይበልጡንም የአከራዬ ንቦች። አከራዬ ፎገራ ሜዳ ላይ ቁሐር ሚካኤል በሚባል ገጠር ተወልደው፣ ሩዝ ሲያርሙ ወገባቸው የጎበጠ ባልቴት ናቸው። ድሮ ብዙ ቀፎ ነበራቸው። ሰው ሁሉ ሩዙ ላይ መድኃኒት መርጨት ሲጀምር ንቦቹ ለአበባ እንደወጡ እየቀሩ፣ በመጨረሻ ከአጥሩ ጥግ ያለችው አንዲት ቀፎ ቀረች። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ «እንዴት አደራችሁ» የሚሉት ቀፎዋን ነው፤ ቀጥሎ ዶሮዎቹን፤ ከዚያ እኔን። እኔ ክፍል ውስጥ ንብ ለአበባ ያላትን ጥቅም በሥዕል ሳስተምር የሚያክለኝ የለም፤ በዚያች ቀፎ በኩል የማልፈው ግን ነጠላ ተከናንቤ እየሮጥኩ ነበር።

«መርዝ ይዘሽ በዚች በር ብትገቢ» አሉኝ ገና ቤቱን ስከራይ፣ «ዕቃሽን ይዘሽ በዚችው በር ትወጫለሽ። ከተስማማሽ ግቢ፣ ካልተስማማሽ ደኅና ዋይ።»

ተስማማሁ። አባቴ በበኩሉ በስልክ «አንድ ቀን ብቻ መድኃኒት ንፊበት፤ አረሙ ይሞትና ሣሩ ይቀራል። ማር እንደሆነ ሱቅ ሞልቷል» ይለኛል። ይህን መልእክት ለአከራዬ አላደረስኩም። ቤት እፈልጋለሁ።

ክረምቱ እንደ ጉድ ዘነበ። ፎገራ ሜዳው ውሃ ሆነ፣ የኔም ሜዳ ያልዘራሁትን ሁሉ አበቀለች። ማገጡ ሰርዶዬን ከላይ አለበሰው። ማገጥ ያው ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ ከብት የሚሞትለት፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ነው። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባም ታከለበት። የአከራዬ ንቦች ከቀፎ ወጥተው ሜዳዬ ላይ ሰፈሩ ማለት ይቻላል። አከራዬ በደስታ እንቅልፍ አጡ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ በዚያው ሳምንት አባቴ ደውሎልኝ ነበርና።

«ቲኬት ቆርጫለሁ» አለኝ። «ለሳምንት ነው። ሣሩን አይቼ እመለሳለሁ።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ አከራዬ እግር ላይ ወደቅኩ። አባቴ ሊመጣ ነው፣ ግቢው አረም ወርሶታል፣ ይታረምልኝ አልኳቸው። አባት ሊመጣ ነው ሲባል ሴትዮዋ እልል አሉ።

«ዛዲያ እጅ ምን ሠራ? የቁሐር ዘመዶቼን በደቦ እጠራልሻለሁ። ሩዝ ሲያርም የኖረ ሰው ይችን ሜዳ ምን ይላታል? አባትሽን ተቀብለሽ ነይ እንጂ፣ ስትመለሽ መስታወት አድርገነው ትደርሻለሽ።»

ጠላው ተጠመቀ፣ የሩዝ እንጀራው ተጋገረ። በቀኑ ማለዳ ደቦኞቹ መኮትኮቻቸውን ይዘው ሲገቡ፣ እኔ አባቴን ልቀበል ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ።

አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ከስቷል። ሲስመኝ አጥንቱ ወጋኝ። ሚኒባስ ውስጥ ግን ስለ ሣር አጫጨድ ሳያቋርጥ እያስተማረኝ መጣ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች የግብርና ባለሙያ መስሏቸው ስለ ቲማቲም በሽታ ጠየቁት። እሱም ስለ ቲማቲም ምንም ሳያውቅ መለሰላቸው። በሩ ጋ ስንደርስ ክራቫቱን አስተካከለ። ከፈትኩት።

ሣር የለም።

ጥቁር አፈር አለ፤ ተኮትኩቶ፣ ተለስልሶ፣ ዱቄት የመሰለ። በአፈሩ ላይ የኔ ማገጥ በመደብ በመደቡ ቆሟል፤ አደዩም ከነአበባው። በመካከላቸው የነበረው ሣር አንድ ሳይቀር ከነሥሩ ተመዟል። ንቦቹ ሠርግ ላይ ናቸው። ደቦኞቹ ጥላ ሥር ጠላቸውን ይዘው፣ ላባቸው ገና ሳይደርቅ፣ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፊት ይዘው ተቀምጠዋል። ፎገራ ላይ ሰርዶ ማለት ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የሚወጉት ጠላት ነው። ማገጥ ደግሞ የከብት ቀለብ፣ የንብ ቀለብ። «አረሙን ንቀሉ» የተባለ የቁሐር ገበሬ ምን ይነቅላል?

የደቦው አባት፣ አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ፣ ተነሥተው ለአባቴ እጅ ነሡ። «ደኅና መጡ ጌታው። አንዲት የሰርዶ ሥር አልቀረችም። ከነዘር ማንዘሩ ነው የነቀልነው፤ እስከ ልጅ ልጅዎ አይመለስብዎም።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አከራዬ በደስታ ያለቀስኩ መስሏቸው እንደገና እልል አሉ።

አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ለቀብር እንደሚያደርገው ደረቱ ላይ ያዘው። በረጅሙ ተንፍሶ «ለመሆኑ» አለ፣ «የነቀላችሁትን የት አደረሳችሁት?»

«አውራ ጎዳናው ላይ ደፋነው። መኪና ይጨፍልቀው ብለን።» ሰርዶ ማሳ ዳር ከተጣለ ተመልሶ ይገባል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ እንደ እህል ይሰጣል። እንግዲህ ሥራቸውን ምን ያህል እንደተጠነቀቁበት ተመልከቱ።

አባቴ ባርኔጣውን እንደያዘ ወጣ። እኔም ተከተልኩት፣ ደቦው ሁሉ ተከተለን። ጎንደር መንገድ ላይ ሰርዶዬ ተሰጥቷል፤ ባጃጁ ያልፍበታል፣ ጋሪው ያልፍበታል። አባቴ ከነሙሉ ልብሱ መሀል አስፋልት ገብቶ ለአንድ የጭነት መኪና እጁን ዘረጋ። «ቁም!» መኪናው ጎማው እየጮኸ ቆመ። ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ የሚለውን ሁሉ አለ። አባቴም ጎንበስ ብሎ ሕይወት ያለውን ከሞተው እየለየ ሰርዶ መልቀም ጀመረ፤ ባርኔጣው ውስጥ እያስቀመጠ።

ሰርዶ የሚጥል ሰው እንጂ የሚለቅም ሰው በዚያ አገር ታይቶ አያውቅም።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለች ያቺ ባለ ጊደሯ ሴት።

ሽማግሌው ወደ አከራዬ ጠጋ ብለው «ሰውየው ያማቸዋል?» ሲሉ ሰማሁ። አከራዬም በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ይታወቃል! ወንዛዬ ፍል ውሃው ወስደን ብንነክራቸው ይለቃቸው ይሆናል።»

ያን ጊዜ ነው እንባዬን ጠርጌ፣ መንገድ ዳር ቆሜ፣ የሰርዶን ነገር ያስረዳሁት። ከተማ ውስጥ ሰው ወድዶ እንደሚተክለው፣ ውሃ እንደሚያጠጣው፣ እንዳይረገጥ ጥበቃ እንደሚቀጥርለት ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ካመኑኝ በኋላ ሽማግሌው በጣም ተቆጡ።

«ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ሰርዶ ነው የምፈልገው አትይም? ስንት ዓመት የት እንጣለው እያልን ስንቸገር!»

በማግስቱ ጠዋት ከቁሐር ጋሪ መጣ። ከጋሪው ኋላ ሌላ ጋሪ፣ ከዚያ ኋላ የተጫነ አህያ። ሁሉም ሰርዶ። በሕይወቴ እንዲህ በነጻና በፈገግታ የተሰጠ ስጦታ አይቼ አላውቅም። አንዳንዱ ከነምርቃቱ ነው የሰጠን፤ «እናንተው ዘንድ ይዋለድ» እያለ።

ሰርዶው ሲመጣ ጦርነቱ ተጀመረ። አባቴ ማገጡን ነቅሎ ሜዳውን ሙሉ ሣር ሊያለብስ ተነሣ። አከራዬ በአበባው መሀል ቆሙ።

«ይችን ማገጥ ከነኩ እኔን ነኩ።»

«እመቤቴ፣ ይህ እኮ አረም ነው።»

«አረሙስ የርስዎ ነው! የኔ ንብ ምን ትብላ? ክራቫትዎን ትብላ?»

አባቴ በሕይወቱ አለቃ እንጂ ሴት እንዲህ ብላው አታውቅም። አንድ ማገጥ በእልህ ይዞ ጎተተ። ማገጧ ላይ ደግሞ ንብ ነበረች። የዓይኑ ቆብ ላይ ነደፈችው። ጩኸቱን ትምህርት ቤት ድረስ ሰምተውታል። አከራዬ መጀመሪያ እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ቀጥለው ቀይ ሽንኩርት ቆርጠው አሹለት፣ እዚያው አበባው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡትና «አይንቀሳቀሱ» አሉት። አባቴ በቀረችው አንድ ዓይኑ የሚያየው ቢያጣ ንቦቹን ያይ ጀመር። ብዙ ቆየ።

«እግሯ ላይ የያዘችው ቢጫ ነገር ምንድን ነው?» አለ።

እኔ ሙያዬ ነውና ላስረዳ አፌን ስከፍት አከራዬ በእጃቸው ገፉኝ። «የአበባው ዱቄት ነዋ። ለልጆቿ ቀለብ ታስገባለች። ይኸው እርስዎም ልጅዎ ዘንድ መጥተው የለ?»

ማታውን አባቴ ገመድ አስመጣና ሜዳውን ለሁለት ከፈለው፤ ከገመዱ ወዲህ ሣር፣ ከገመዱ ወዲያ የንብ። መርጫ የሚባል ነገር ዳግመኛ አላነሣም። ይልቁንም ሰርዶውን እየቆራረጠ በመስመር ሲተክል ሰነበተ፤ ደቦኞቹም ሲያልፉ ሲያገድሙ እየገቡ፣ ጠላትን እንዲህ ተንከባክቦ መትከል ምን እንደሚመስል ቆመው ያያሉ።

ሳምንቱ አለፈ። ስለ ቲኬቱ ስጠይቀው ተቆጣ። «ተክዬ ጥዬው ልሂድ? ሣሩ ይያዝና እሄዳለሁ።» ጎረቤት «እዚሁ ሊኖሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቀውም «ኧረ የለም፤ ሣሩ እስኪይዝ ነው» ይላል።

ደስታዬና ሥጋቴ አንድ ላይ መጡ። አባቴ እየወፈረ ነው፤ የሩዝ እንጀራ ይደግማል፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመለሳል፣ ከሰዓት ከሽማግሌው ጋር ይከራከራል፣ ድምፁ አጥር አልፎ ይሰማል። ነገር ግን የተተከለው ሰርዶ ነው! ሰርዶ ለመያዝ ምን ጊዜ ይፈጅበታል? ሣሩ በያዘ ማግስት አባቴ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደዚያች በረንዳ ሊመለስ ነው። ጠዋት ጠዋት ገመዱ ጋ ሄጄ በፍርሃት አየዋለሁ። ሰውን ሁሉ «ጸልዩልኝ» ማለት አማረኝ፤ ሰርዶ እንዳይበቅል የሚጸልይ ሰው እዚያ አገር በሽ በሽ ነው።

የሚገርመው አልያዘም። አሥሩ ሲለመልም ሃያው ይጠፋል። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ፣ ሜዳው እንደተላጨ ራስ እዚህም እዚያም ጠቃጠቆ ሆኖ ቀረ። እንደ መምህርነቴ ልመረምር ተነሣሁ። መጀመሪያ ዶሮዎቹን ጠረጠርኩ፤ ዶሮዎቹ ታሰሩ። ቀጥሎ ምስጥ ነው አልኩ፤ አመድ ነሰነስኩ። ከአፈሩ ቆንጥሬ ትምህርት ቤት ወስጄ ተማሪዎቼን አስመረመርኳቸው፤ አፈሩ ጤነኛ ነው፣ ከኛም ይሻላል አሉኝ። አባቴ በምርመራው ሁሉ በትጋት ይረዳኝ ነበር። «ፀሐዩ ሳይሆን አይቀርም» ይላል፣ ግንባሩን ቋጥሮ። አከራዬም «መሬቷ ሰርዶ አትወድም» ይላሉ፤ ሰርዶ የማትወድ የፎገራ መሬት ተፈልጋ አትገኝም።

አንድ ቀን የተማሪዎቼን ፈተና ቤት ረስቼ በእረፍት ሰዓት ተመለስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ሳይ አባቴ ከገመዱ ወዲህ ተንበርክኳል። ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ የለመለመ የለመለመውን ሰርዶ እየመረጠ ከሥሩ ይመዛል። አፈሩን ያራግፋል፣ ወደ ኋላው ያቀብላል። ከኋላው አከራዬ ማዳበሪያ ከፍተው ይቀበሉታል።

«ከሥሩ ያውጡት እንጂ» ይላሉ። «ሥር ከቀረ ይይዛል።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ያቺኛዋን አየኋት ብያለሁ።»

«ሁሉንም አይንቀሉት ደግሞ። ልጅቱ ትነቃለች።»

«ደኅና ሠራተኛ ናት እኮ፣ አፈር ስትመረምር ነው የምትውለው» አለ አባቴ፣ በኩራት።

በሩን እንዳይጮህ ቀስ አድርጌ መለስኩት። መንገዱ ላይ ቆሜ ሳቄ መጣ፣ ከሳቄ ጋር ሌላውም መጣ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። በልጁ ቤት የማይጦረው አባቴ፣ ልኑር ብሎ መናገር ያቃተው አባቴ፣ ዕድሜውን ሲንከባከበው የኖረውን ሣር በገዛ እጁ እየነቀለው ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ፈተናውን ሳልይዝ ተመለስኩ። ተማሪዎቼ በዚያ ቀን እጅግ ወደዱኝ።

ማታ እራት ላይ አባቴ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ሣር ዘንድሮ የሚይዝ አይመስለኝም።»

«አዎ አባባ» አልኩት። «አፈሩ ይሆናል።»

«እህ። አንቺ ካልሽ።»

በማግስቱ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ቧንቧው ሥር ሁለቱም ያላዩዋት አንዲት ሰርዶ አየሁ። አረንጓዴ ሆና፣ በየአንጓዋ ሥር ሰድዳ፣ ወደ ሜዳው ተስባለች። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሣር አብቅዬ አላውቅም። ግራ ቀኝ አየሁና ጎንበስ ብዬ ከሥሯ ነቀልኳት። አፈሯን አራገፍኩ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፣ አውራ ጎዳናው ላይ ስደርስ መኪና እንዲጨፈልቃት ጣልኳት።